ሳያዩ የማይፈርሙት ሽማግሌ

ሩሐማ ኩባንያዋ የሸጠውን ሶፍትዌር ልታስረክብ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ወዳለው መሥሪያ ቤት መጣች። የንብረት ክፍሉ ሽማግሌ በዚያ የመጋቢት ሙቀት ካፖርታቸውን ቆልፈው፣ እስክሪብቷቸውን በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ጠበቋት። የመረከቢያውን ቅጽ ስትዘረጋላቸው አልነኩትም።

«ልጄ፣ ሲሠራ ያላየሁትን ተረከብሁ ብዬ አልፈርምም» አሏት።

ድሮ እንዲህ ሲሉ ይሳቅባቸው ነበር፤ ከዘንድሮ ጀምሮ ግን የመሥሪያ ቤቱ ደንብ ሆኗል። ከመዝገብ ቤት በአንድ ጣት የሚጽፉትን ወይዘሮ ፀሐይወርቅን አስጠርተው ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጧቸው። ወይዘሮዋ አንድ ደብዳቤ መዝግበው መልሰው ፈልገው እስኪያገኙት፣ ሽማግሌው የራሳቸው ልጅ የሚፈተን ይመስል ከኋላቸው ቆመው ጣታቸውን ሲያፍተለትሉ ቆዩ። ደብዳቤው ሲገኝ ፈገግ አሉና እስክሪብቷቸውን አነሡ።

ሲፈርሙ ሩሐማ መደርደሪያው ላይ ሰባት የቆዩ የሶፍትዌር ካርቶኖች አየች። ላስቲካቸው እንኳ አልተቀደደም፤ አቧራ ግን የለባቸውም።

«እነዚህስ፣ አባባ?»

«ከተገዙ ጀምሮ ማንም አልሠራባቸውም። ሳላይ ነው የፈረምሁባቸው» አሉና የላይኛውን ካርቶን በእጅጌያቸው ቀስ ብለው ጠረጉት።