ስልኩ ያላነበበው ማስታወቂያ

ካምፓላ ውስጥ ሜንጎ ኮረብታ ሥር ባለ አንድ የዲዛይን ቤት ሥራ የጀመርኩ ዕለት፣ አለቃዬ ናሙቴቢ ለፀጉር ቤት ፖስተር እንድሠራ አዘዘችኝ። ሰባት ቀለምና አምስት ዓይነት ፊደል አግተለተልኩበት። አትማ አጥሩ ላይ ለጠፈችውና እኔን መንገዱን አሻግራ አቆመችኝ። «ምን ይነበብልሻል?» አለችኝ። «ምንም» አልኳት። «እንግዲያው ገና አልሠራሽም» ብላ ወደ ወንበሬ መለሰችኝ።

እሷ ዘንድ አራት ዓመት ቆየሁ። ምስልን ጥራቱ ሳይበላሽ ማሳነስ፣ ለርዕስና ለዝርዝር የፊደል መጠን መምረጥ፣ ባዶ ቦታ መተው የተማርኩት እዚያ ነው። ናሙቴቢ ማመስገን አትወድም፤ «ይሂድ» ካለች ምስጋናዋ እሱ ነው። ኋላ የራሴን ሥራ ጀመርኩ። ካምፓላ ያለን ኢትዮጵያውያን ያቋቋምነው እድር ድረ ገጽ ሲያስፈልገው ሠሪዋ እኔ ሆንኩ።

ያኔ ብዙ ስልክ ፊደላችንን አያውቅም፤ አማርኛው ባዶ ሳጥን ሆኖ ይመጣል። እኔም መላ ዘየድኩ፦ ማስታወቂያውን ሁሉ እንደ ፖስተር ሠርቼ በፎቶ መለጠፍ። ሁሉም ወደደው። ከዚያ ወዲህ ስልኮቹ ተለውጠው አማርኛ ማሳየት ጀምረዋል፤ እኔ ግን በፎቶዬ ገፋሁበት። ያምራላ!

አንድ ሰኞ ጋሽ መስፍን ደወሉልኝ። ጡረታ የወጡ የሒሳብ ሰው ናቸው፤ ስኳር ዓይናቸውን ከወሰደው ወዲህ ስልካቸው በድምፅ እያነበበላቸው ነው የሚጠቀሙት። «ማኪንድዬ፣ ቤቴ ድረስ ነይ» አሉኝ። ድምፃቸው ደስ አላለኝም፤ ቦዳ የሚሉትን የሞተር ብስክሌት ታክሲ ይዤ በረርኩ።

የእድሩን ገጽ ከፍተው ስልኩን ወደ ጆሮዬ አስጠጉት። «ምስል» አለ ስልኩ። ጣታቸውን አንሸራተቱ። «ምስል።» አሁንም «ምስል።» ፎቶው ውስጥ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ አይችልም።

«ከእነዚህ አንዱ የታደሰ ነው» አሉኝ።

ጋሽ ታደሰ የሠላሳ ዓመት ጓደኛቸው ነበሩ። አስከሬናቸው ወደ አዲስ አበባ ከመላኩ በፊት ቅዳሜ ዕለት ሽኝት ተደርጎላቸዋል። የሞታቸውንና የሽኝታቸውን ማስታወቂያ በጥቁር መደብ ላይ ያሰማመርኩት እኔ ነኝ። የጋሽ መስፍን ባለቤት ለዘመድ ጥየቃ አገር ቤት ሄደዋል፤ ሌላው ሰው ደግሞ ገጹ ላይ ስለወጣ ሰምተዋል ብሎ አልደወለም። መርዶውን የሰሙት እሑድ፣ አውሮፕላኑ ከሄደ በኋላ ነው።

«ሄጄ የማለቅስበት መቃብር እንኳ እዚህ የለም፣ ልጄ» አሉኝ። «ሰው ደግሞ መስፍን እያወቀ ቀረ ይላል።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። «ይቅርታሽን ተቀብያለሁ። ገጹስ?» አሉኝ።

በማግስቱ ሁሉንም ወደ ጽሑፍ ልለውጠው እንደሆነ ለእድሩ ሊቀመንበር ለአቶ ግርማ ነገርኳቸው።

«ለአንድ ሰው ብለሽ ውበቱን ልታበላሺው?»

«እድር የሚቆመው ለአንድ ሰው አይደል እንዴ?»

«ፖስተሩ ከቀረ ሌላ ሠሪ እንፈልጋለን።»

«ይፈልጉ። እስኪያገኙ ድረስ ግን እኔ እለውጠዋለሁ» አልኳቸው። ቃሌንም አላጠፍኩም።

የዓመታት ማስታወቂያ አንድ በአንድ በፊደል ጻፍኩ። ቀኑንና ቦታውን ከላይ አደረግሁ። ፎቶ ባለበት ሁሉ ምን እንደሚያሳይ ስልኩ የሚያነበው አንድ ዓረፍተ ነገር አስገባሁ። ጋሽ መስፍን እያዳመጡ ያርሙኛል፦ «ማክሰኞ ስምንት ሰዓት፤ የት? ቦታውን ዘለልሽው።» ለካ ናሙቴቢ ገር ነበረች! ሌላ ሠሪም አልመጣም።

የጋሽ ታደሰ አርባ ሙቱንጎ ሰፈር ባለው የቤተሰባቸው ቤት እንዲሆን ተወሰነ። ማስታወቂያውን በጽሑፍ ለጠፍኩ። ለጋሽ መስፍን ልደውልላቸው እጄ ወደ ስልኩ ሄዶ ነበር፤ ገጹ ራሱ ይንገራቸው ብዬ ተውኩት።

በዕለቱ ስደርስ አቶ ግርማ በር ላይ ቆመዋል። «መስፍንን ማን ነገረው? ከሁላችን ቀድሞ ነው የመጣው» አሉኝ።

«አንብበው ነው» አልኳቸው።

ዛሬ ከእኔ ጋር ለሚሠሩት የምለው ይህንኑ ነው፦ ሰው ሊያነበው የሚገባውን ቃል በፎቶ ብቻ አትለጥፉ። ገጹን ሠርታችሁ ስትጨርሱ ዓይናችሁን ጨፍኑና ስልኩ ሲያነበው አዳምጡት።