የሻሸመኔዋ ቁንጥጫ

ቅዳሜ ማለዳ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ከአዳማ መናኸሪያ ተነሣሁ። ሻሸመኔ የምትኖረው ልጄ ሰናይት የስምንት ዓመት ልጇን ማርታን ለክረምቱ እንድትሰጠኝ ልለምናት ነው። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ቤቱ ጭር ብሏል። አልጋዋን አንጥፌ፣ ሁለት የተረት መጻሕፍት ይዤላት ነበር የወጣሁት።

መቂ ስንደርስ ሰማዩ ደፍኗል። መንገድ ዳር የተቆለለው ቲማቲም ዝናብ መትቶት ከሥር መበስበስ ጀምሯል። "አካም ቡልታን፣ እናቴ?" ብላ በኦሮምኛ እንዴት አደሩ ያለችኝና አጠገቤ የተቀመጠች ወጣት ትንሽ ልጅ አቅፋለች። ልጁ እስከ ባቱ አፉ አልተዘጋም፤ ሾፌሩን ሳይቀር "ለምን ጡሩምባ ትነፋለህ?" አለው።

"ዝም በል አትይውም?" አልኳት።

"ኧረ እናቴ፣ እሱ ዝም ካለ አሞታል ማለት ነው!"

ባለጌ እያሳደገች ነው አልኩ በልቤ።

ሻሸመኔ፣ ምሳ ሰዓት

የሰናይት አማት አቶ ገመዳም ተጋብዘዋል። በወጣትነታቸው ሦስት ጅብ እንዴት እንዳባረሩ እያወጉን ሳለ ማርታ ጣልቃ ገባች።

"አባባ፣ ባለፈው ሁለት ነበሩ!"

ፊቴን ወደ ሽማግሌው አዙሬ እየሣቅሁ፣ እጄ ከጠረጴዛው ሥር ሄዶ ጭኗን ቆነጠጠ። እንግዳ እንዳያይ፣ ልጅም እንዳይተነፍስ፤ ያደግነውም ያሳደግነውም እንዲሁ ነው።

"እናና፣ ለምን ቆነጠጥሽኝ?"

"ኧረ ይተዋት፣ እውነቷን እኮ ነው" አሉ አቶ ገመዳ። ሰናይት ሳህኖቹን ስታነሣ ማጀት ተከትዬ፣ ማርታን ለክረምቱ ስጪኝ አልኳት።

"እማዬ፣ ስትቆነጥጪኝ እኔ ጮኼ አላውቅም አይደል?"

"አታውቂም። ጨዋ ነበርሽ።"

"ፈርቼ ነበር።" ሳህኑን አለቀለቀች። "አንቺ በፈለግሽ ጊዜ ነይ፣ ቤትሽ ነው። ማርታን ግን ብቻዋን ካንቺ ጋር አልተዋትም።"

ሰፈሬ "ቆንጥጣ ያሳደገች" ይለኛል። ምርቃት ይመስለኝ ነበር።

እሑድ

ማርታ መጻሕፍቱን አቅፋ ከእናቷ ጋር እስከ መናኸሪያ ሸኘችኝ።

"እናና፣ አልነገርሽኝም እኮ። ለምን?"

"መኪናው ሊነሣ ነው" ብዬ ገባሁ።

አዳማ በዝናብ ተቀበለችኝ። ያነጠፍኩትን አልጋ ገፈፍኩ። ፊደል የቆጠርኩት ከወለድኩ በኋላ፣ በማታ ትምህርት ነው፤ መምህሬን ያልጠየቅኩት ነገር አልነበረም። እናቴን ግን ለምን እንደምትቆነጥጠኝ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኳትም። ብጠይቃት ኖሮ ዛሬ ለማርታ የምመልሰው ባላጣሁ፤ ወይም እሷም መልስ እንደሌላት ሰናይትን ሳልወልድ ባወቅሁ ነበር።