ማንንም የማይሰርዘው ካሜራማን

ሚልክያስ ቪዲዮ መሰረዝ አይሆንለትም። ሶዶ ውስጥ ሠርግ መቅረጽ ከጀመረ አሥራ አራት ዓመቱ ነው፤ ከቦምቤ እስከ ተበላ ያልገባበት ድንኳን የለም። ሌሎቹ ካሜራማኖች ፍላሹን ለሙሽሮች አስረክበው ዋናውን ያጠፋሉ። እሱ ግን የሙሽራው አጎት እጁን ሲታጠብ የቀረጸውን እንኳ አይጥልም። ሚስቱ ማክዳ "የሰው ዘመድ ሁሉ እኛ ሳሎን ነው የሚኖረው" እያለች ታሾፍበታለች።

ምክንያት አለው። ሰው ሲሞት ለለቅሶው ድንኳን በር ትልቅ ባነር ይሠራል፤ ቤተሰቡም ፎቶ ፍለጋ ይሯሯጣል። የገጠር ሰው ፎቶ ከየት ይመጣል? ሟቹ የትኛው ሠርግ ላይ እንደነበረ ያስታውሱና የሚልክያስን በር ያንኳኳሉ። እሱም የስንት ዓመት ሠርግ ከፍቶ፣ ከዳር ተቀምጦ የሚበላውን ሰውዬ ፈልጎ፣ ፊቱን አጉልቶ ይሰጣቸዋል። ለዚህ ሥራው አምስት ሳንቲም ተቀብሎ አያውቅም።

አምና ሃርድ ዲስኮቹ መሳቢያ ሲሞሉበት ሁለት ትልልቅ ዲስክ የሚጎርስ፣ ከቤቱ ዋይፋይ ጋር የሚገናኝ ጥቁር ሳጥን ከከድር ገዛ። ከድር አባቱ ከስልጤ መጥተው ሶዶ የከተሙ የኤሌክትሮኒክስ ነጋዴ ነው። ሸጦ ዞር የሚል ሰው አይደለምና ቤቱ ድረስ መጥቶ ገጠመለት። ሳጥኑ ሥራ ከመጀመሩ በፊት አንድ ነገር ይጠይቃል፤ ሬይድ ዋን ወይስ ሬይድ ዜሮ? ከድር አስረዳው። በዋን አንዱ ዲስክ የሌላውን ግልባጭ ይይዛል፤ አንዱ ቢሞት ሌላው ይተርፋል፣ ቦታው ግን በግማሽ ይቀንሳል። በዜሮ ቦታው ሙሉ ነው፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ቪዲዮ ተቆራርጦ ለሁለቱ ስለሚከፋፈል አንዱ ሲሞት ሁለቱም ሞቱ ማለት ነው። ዋን አድርገው ብሎ መከረው።

ሚልክያስ አሰበበት። ዋን ካደረገ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ዓመታት ሠርጎች አይገቡም፣ መሰረዝ አለባቸው። ማንን ይሰርዝ? ከእነዚያ ሰዎች ነገ የማይሞተው የትኛው ነው? "ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል" ብሎ ሳቀና ዜሮን መረጠ። ከድር ራሱን ነቀነቀ። ሁሉም ወደ ሳጥኑ ከተገለበጠ በኋላ ሚልክያስ የድሮዎቹን ዲስኮች አጥፍቶ ለአዲስ ቀረጻ አዋላቸው። ምክር የማይሰማ ሰው እንዲህ ነው፤ ቆጥቦ ቆጥቦ የሚያጠፋው መጥፋት የሌለበትን ነው።

ዘንድሮ በወላይታ ዘመን መለወጫ በጊፋታ ማግስት አንደኛው ዲስክ ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረ፤ ከሰዓት ዝም አለ። ከድር አዲስ አበባ ለባለሙያ ላከለት። በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ አይሆንም ተብሎ ተመለሰ። ሚልክያስ እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ ማክዳም ማሾፏን ተወች።

በሳምንቱ አዛለች የሚባሉ እናት ከጉኑኖ መጡ፤ ቦዬ የሚባለውን ሥራሥር ቀቅለው በፌስታል ይዘውለታል። ልጃቸው ሩት በሐምሌ ታማ በሦስተኛው ቀን አረፈች። ሞቱ ድንገተኛ ስለነበር ባነሩን ከመታወቂያዋ አሠሩት፤ የመታወቂያው ፎቶ ደግሞ ፈጽሞ እሷን አይመስልም። እሳቸው የያዙት ስልክ ከመደወል ሌላ አያውቅም። አሁን ግን አንድ ነገር ትዝ አላቸው፤ በአክስቷ ልጅ ሠርግ ላይ ሩት ብቻዋን ቆማ መዝሙር ዘምራ ነበር። ሙሽሮቹ ፍላሹን ጥለውታል። ካሜራማኑ ግን ምንም አይጥልም ብለው ሰዎች ነገሯቸው።

ሚልክያስ በወላይትኛ ሊያስረዳቸው ሞከረ። ሳጥኑን ከፍቶ ሁለቱን ዲስኮች አሳያቸው፤ ይኼኛው ሞቷል፣ ይኼኛው ደህና ነው አላቸው። ደህና ነው ማለት አልነበረበትም፤ ፊታቸውን አይቶ ጨከን ማለት አቅቶት ነው። እሳቸው ደህና የተባለውን ዲስክ አንስተው በነጠላቸው ጫፍ አቧራውን ጠረጉ።

"እናቴ፣ እሱ ለብቻው…" ብሎ ጀመረ።

"ገባኝ ልጄ፣ ግማሹ ጠፍቷል" አሉት። "የተረፈው የቱ ነው? ፊቷ ነው ወይስ ድምጿ? ድምጿ ከሆነ ይበቃኛል።"