ከእህቴ ቤት የወሰድኩት ጨው

ኮሌጅ ውስጥ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። በየዓመቱ ሰሌዳው ላይ የምስለው አንድ ሥዕል አለ። ከላይ ሰው ሁሉ የሚረግመውን ኮሌስትሮል እጽፋለሁ። ከሱ ሥር ፕረግኔኖሎን የሚባለውን አወርዳለሁ፤ ከዚያ ቀስቶቹ ይለያያሉ። አንዱ የወንድና የሴት ወደሚባሉት ሆርሞኖች ይሄዳል፤ አንዱ ሰውነት ሕመምን ወደሚቋቋምበት ኮርቲሶል፤ አንዱ ደግሞ ኩላሊት ጨው እንዳያባክን ወደሚያዘው አልዶስተሮን። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን የሚሠሩት ከኩላሊት በላይ የተቀመጡ ትንንሽ እጢዎች ናቸው። ከእንቅልፌ ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁኝ ሳልሳሳት እስለዋለሁ። እህቴ ከዚያ ሥዕል ሁለት ነገር ጎድሏት ስትሞት ግን አጠገቧ ተቀምጬ አላየሁም።

የምትኖረው ጅማ አጠገብ ሰርቦ ነበር። በአሥራ ሁለት ዓመት ትበልጠኛለች። እናታችን በደም ግፊት በድንገት ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝም ያስተማረችኝም እሷ ናት። በሞተችበት ዓመት በቡና ለቀማ ወቅት ልጠይቃት ስሄድ ከስታና ጠቁራ አገኘኋት።

“ፀሐይ ነው” አለችኝ።

አመንኳት። ቀኑን ሙሉ የተሰጣ ቡና ስታገላብጥ የምትውል ሴት ብትጠቁር ምን ይገርማል? የመዳፏ መስመሮች ሳይቀሩ ጠቁረው ነበር። እሱንም የእሸት ቡና ጭማቂ አደረግኩት። ለሁሉም ነገር መልስ አላጣም፣ አስተማሪ አይደለሁ!

ቡና በጨው መጠጣት እኛ ዘንድ ብርቅ አይደለም። ያን ቀን ግን ከጨው ቆርቆሮው ሁለቴ ሦስቴ ቆንጥራ ሲኒዋ ውስጥ ጨመረች፤ ቆየት ብላ ደግሞ መዳፏ ላይ አድርጋ ብቻውን ቃመችው። ስትነሳ ግድግዳ ያዘች።

“ያዞርሻል?” አልኳት።

“ኤዬ፣ ስነሳ ነው። ያልፋል፣ ኢንሻ አላህ።”

“ግፊት ነው! እማዬን የገደላት ይኸው ጨው ነው!” ብዬ ጮህኩባት። ግፊቷን እንኳ አላስለካሁም። ባስለካ ኖሮ ወርዶ አገኘው ነበር።

“ዋላሂ፣ ያለሱ ልቤ ድክም ትላለች፣ ወንድሜ።”

“ሱስ ነው” አልኳት።

ቆርቆሮውን ከድኜ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ባሏንም ጨው የሚባል ነገር እንዳያስቀምሷት አደራ አልኳቸው። ጅማ ኪቶ ፉርዲሳ ሰፈር ወዳለው ቤቴ ስመለስ፣ ሚኒባሱ ውስጥ፣ በራሴ ኮርቼ ነበር። ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል ማለት አይበቃም፤ ያመኛል።

ብዙም ሳይቆይ ማስመለስ ጀመራት። ታይፎይድ ነው ተብሎ ኪኒን ተሰጣት። ስደውል ድምጿ እየሰለለ ሄዷል። እኔ ግን የምጠይቃት ያንኑ ነው።

“ጨው ትተሻል?”

“አንተ ካልክ በኋላ?” ትለኛለች።

በሦስተኛው ሳምንት ራሷን ስታ ጅማ ሆስፒታል አመጧት። አንዲት ወጣት ሐኪም ግፊቷን ለካች፤ አላምን ብላ ደግማ ለካች። መዳፏን ገልብጣ አየች፣ ከንፈሯን ገልጣ ድዷን አየች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

“ጨው ያምራቸው ነበር?”

ስለ ቆርቆሮው ነገርኳት። እኔ ልጅ ሳለሁ ይዟት የነበረው ቲቢ ከኩላሊቷ በላይ ያሉትን እጢዎች ሳይበላቸው አልቀረም፤ መጥቆሯም ጨው ማማሯም ከዚያ ነው አለች ሐኪሟ። የጎደላትን ሆርሞን በመርፌ ሰጧት፣ ጨው ያለበት ግሉኮስ በሁለቱም እጇ ሰቀሉላት። በማግስቱ ረፋድ ላይ አረፈች።

“ጨውን ባልከለክላት ኖሮስ?” ብዬ ሐኪሟን ጠየቅኳት።

“ጨው ብቻውን አያድናቸውም ነበር” አለችኝ። “እስኪመጡልን ግን ሊያቆያቸው ይችል ነበር።”

ሰርቦ ለቅሶ ተቀምጠን ሳለ ባሏ ከሰው መሃል ተነስተው አጠገቤ መጡ። ትሑት ሽማግሌ ናቸው። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ።

“አላህ ጀዛህን ይክፈልህ። አንተ የምትችለውን አድርገሃል፣ እኛም ያልከውን አላጎደልንም። መጨረሻ ላይ እንኳ ጎረቤት ሾርባ ስታመጣላት እጇን ዘረጋች። ጨው አለው ብዬ መለስኩት። አለቀሰች፣ ግን አልሰጠኋትም።” ዓይን ዓይኔን አዩኝ። “ደግ አደረግኩ አይደል?”

“አዎ” አልኳቸው።