በፈቃዱ እንደለቀቀ ይቆጠራል

ዛሬ ጠዋት መሥሪያ ቤታችን ሰሌዳ ላይ አንድ ማስታወቂያ ተለጥፎ አየሁ። ከሥራ ለቀረ ሠራተኛ የወጣ ነው፤ ካልተመለሰ «ሥራውን በፈቃዱ እንደለቀቀ ይቆጠራል» ይላል። የድሮ ጓደኛዬ ቶለሳ ትዝ አለኝ።

ያኔ አምቦ ተማሪ ነበርኩ። ቶለሳ ጌዶ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ፣ ጨጨብሳችንን እየበላን፣ ስልክ ላይ አማርኛም ኦሮምኛም የሚጽፍ ኪቦርድ እንሠራ ነበር። ፕሮግራሙ ለሁሉም ክፍት ነው፤ የትም አገር ያለ ሰው ገብቶ ያርመዋል፣ ደመወዝ የሚባል ነገር የለም። እርማቱን አይቶ የሚያጸድቅ ኃላፊ ግን ያስፈልጋል። በየአገሩ ሆነን የምንሠራው ሁሉ በድምፅ ቶለሳን መረጥነው። ደስታውን ብታዩ! ቢሮው ውስጥ ማኅተም እንኳ አያስነኩትም ነበር።

መተዳደሪያ ደንብ አርቅቅ ሲባል ያው የለመደውን ጻፈ፤ ሦስት ወር ድምፁ የጠፋ ኃላፊ በፈቃዱ እንደለቀቀ ይቆጠራል፣ መመለስ ከፈለገ ያመልክት። ሁላችንም አጸደቅን። ደንብ ሲጻፍ መቼም ስለ ሌላ ሰው የሚጻፍ ነው የሚመስለው።

ከዚያ በእኛ በኩል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ክረምቱ ገባ፣ መንገዱ ጭቃ ሆነ፣ በቆሎው እሸት ደረሰ፤ ኔትወርክ የለም። በመጨረሻ ለጉዳይ አዲስ አበባ ስገባ የተጠራቀመው መልእክት ሁሉ ስልኬ ላይ ወረደ። ሌሎቹ ቶለሳን የት ጠፋህ እያሉ ደጋግመው ጠይቀውታል። መልስ ሲያጡ በደንቡ መሠረት አንሥተው ሌላ ሰው መርጠዋል። የሆነውን ብነግራቸው ከልባቸው አዘኑ፤ ራሱ ካመለከተ ይመለሳል አሉኝ።

በማግስቱ ጌዶ ሄጄ ነገርኩት። ዝናብ ስለነበር ቢሮው በረንዳ ላይ ተጠልለን ነበር።

«እኔ እኮ አልለቀቅሁም» አለ።

«አውቃለሁ። ሁለት መስመር ጻፍልኝ፣ ኔትወርክ ያለበት ወስጄ እልክልሃለሁ።»

«ያልለቀቅሁትን መልሱልኝ ብዬ አላመለክትም፣ ወንድሜ። እዚህ ሳመለክት የኖርኩት ይበቃኛል።»

ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፤ ወይ ፍንክች። ከዚያች ቀን ወዲህ ኪቦርዱን በእጁ አልነካውም። እንደሱ የሚያውቀው ሰው አልነበረም፤ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ኔትወርኩ ሲመለስ አንቀጹ ይሰረዝ ብዬ ሐሳብ አቀረብኩ፤ የተቃወመ የለም። አሁን ድምፁ የጠፋ ሰው ካለ በቅድሚያ ደኅንነቱ ይጠየቃል። ቶለሳ ዛሬም ጌዶ ነው። ስንገናኝ ስለ ዝናቡና ስለ ጤፉ እናወራለን፣ ስለዚያ ነገር አናነሣም። በዚያ አንቀጽ የተሰናበተ ሰው እሱ ብቻ ነው።