«ሕዝቡ እኔ ነኛ!»

አጎቴ ይህን ብለው ለምን ሳቁ? ይህን ዛሬም መመለስ አልቻልኩም።

አጎቴ ኮምቦልቻ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበሩ። የስፌት መኪናቸውን እየረገጡ የፈጠሩትን ዜማ ሱሪ ሊያሰፋ የመጣ ዘፋኝ ከአፋቸው ወሰደው። አገራችንን ወክሎ ለውጭ አገር የዘፈን ውድድር ሲያቀርበው፣ ሬዲዮው «የሕዝብ ዜማ» አለው። እኔ በገንኩ። እሳቸው «እንግዲያውስ ሕዝቡ እኔ ነኛ!» ብለው ሳቁ።

ከዚያ ወዲህ ምሳ ሲደርስ «ሕዝቡ ርቦታል!» ይሉን ነበር።

«ኧረ ዜማው የእኔ ነው ብለው ይናገሩ!» ስላቸው፣ «ተይው ልጄ፤ እኔ በሕይወት እያለሁ እንዳታወሪ፣ በአላህ ብዬሻለሁ» አሉኝ።

አሁን ምሳ ሲደርስ ቤቱ ጭጭ ነው።

በቀብራቸው ሰሞን ወደ ደሴ ስሄድ ሚኒባሱ ውስጥ ያው ዘፈን ተከፈተ። «የሕዝብ ዜማ እኮ ነው» አለ ረዳቱ።

«ሕዝቡንማ ባለፈው ሳምንት ቀበርነው!» ብዬ ጮህኩበትና፣ ስማቸውን ከነአባታቸው ነገርኩት።