ከሾፌሩ ጀርባ ያለችው ወንበር

በጤና ጣቢያው ጓሮ፣ ከክትባት ክፍሉ አጠገብ፣ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የምንሰበሰብባት ክፍል አለች። ሁላችንም ጡረታ የወጣን ነን፤ ሁላችንም ሰው ቀብረናል። የምትመራን ነርስ ነገሩን «የቡድን ሕክምና» ትለዋለች። ከመካከላችን ያሉት የቀድሞ ፖስተኛ ግን «ወሬ በሐኪም ትእዛዝ» ይሉታል። ደንቡ ቀላል ነው። እያንዳንዳችን ለሳምንቱ አንድ ትንሽ የቤት ሥራ ለራሳችን እንሰጣለን፤ በሚቀጥለው ሐሙስ ሠራሁ ወይም አልሠራሁም ብለን እንናገራለን። እኔ የባለቤቴን ትራስ ከአልጋው ላይ ለማንሳት ብዙ ሐሙስ ፈጅቶብኛል። አሁን ቁም ሣጥኑ ላይ ነው።

ሾፌሩ መጀመሪያ የመጡ ዕለት ከበሩ አጠገብ ያለውን ወንበር መረጡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ የነዱ ሰው ናቸው፤ ትከሻቸው በር ይሞላል። ሰው ሲናገር ቀኝ እግራቸው ወለሉን ይጫናል። ወሬው ከረዘመ ደግሞ አጥብቀው ይጫኑታል፤ ፍሬን የያዙ ይመስላል።

የመጡበትን ጉዳይ አልደበቁም። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ከሰፈራቸው ወጥተው አያውቁም። ወደኛም ልጃቸው ናት በታክሲ አምጥታ በታክሲ የምትመልሳቸው። እሷም ቁርጡን ነግራቸዋለች፦ «አባዬ፣ ብቻህን ወጥተህ መግባት ካልቻልክ ቤቱን ዘግተን እኔ ጋ ትገባለህ።»

«የልጄ ቤት ጥሩ ነው፤ ሶፋው ብቻ ሰው ይውጣል» አሉን። «እኔ ግን የራሴን በር በራሴ ቁልፍ መክፈት ነው የምፈልገው።»

«እንግዲያው የቤት ሥራዎ ምን ይሁን፣ ጋሼ?» አለች ነርሷ።

«አውቶቡስ እሳፈራለሁ። ብቻዬን። ከሰፈሬ ተነስቼ እዚህ ገበያው ድረስ መጥቼ እመለሳለሁ።»

«ሾፌር አውቶቡስ መሳፈር አቃተው በሉኛ!» አሉ ፖስተኛው። እኩያሞች ስለሆኑ መላከፍ የጀመሩት ከመጀመሪያው ቀን ነው።

«አንተ ዝም በል። ደብዳቤ እንጂ ሰው አድርሰህ አታውቅም።»

በሚቀጥለው ሐሙስ ሾፌሩ ጫማቸውን አስጠርገው፣ ፊታቸው በርቶ ገቡ። «ሄድኩ!» አሉ ገና ሳይቀመጡ። አጨበጨብንላቸው። ነርሷም መንገዱ እንዴት እንደነበር ጠየቀቻቸው።

ጥሩ አድርገው አወሩልን። መነሻው ላይ ተሳፈሩ፤ በፋርማሲው በኩል ቁልቁል ወረዱ፤ ድልድዩን ተሻገሩ፤ ሲኒማ ቤቱ ጋ ወደ ግራ ታጠፉ። መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ እጃቸው አየር ላይ መሪ አዞረ። እኛም ወንበራችን ላይ አብረን ዘመም አልን።

ፖስተኛው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «በድልድዩ ነው ያልከው?»

«በድልድዩ ነዋ! በየት ልሄድ ኖሯል፣ በዋና?»

«እኔ እንጃ። ድልድዩ ከዓምና ጀምሮ ፈርሶ እየተሠራ ነው። አውቶቡሱ የሚዞረው በወፍጮ ቤቱ በኩል ነው።»

የሾፌሩ ቀኝ እግር ወለሉን ተጫነ። ትንሽ ቆይቶ ከሆዳቸው ሳቅ መጣ፤ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። እኛም ሳቃችንን ለቀቅነው።

«ወይ ጉዴ! በእጄ የማውቀውን መስመር ነው የነዳሁላችሁ» አሉ።

«እና የት ድረስ ሄዱ፣ ጋሼ?» አለች ነርሷ ቀስ ብላ።

«ፌርማታው ድረስ። አውቶቡሱ መጣ፤ በሩ ተከፈተ። ከሾፌሩ ጀርባ ያለችው ወንበር ባዶ ናት። የባለቤቴ ወንበር ናት እሷ። ገበያ ስትሄድ እዚያች ላይ ቁጭ ትልና ‹ቀስ በል፣ እንቁላል ይዣለሁ› ትለኛለች። ባትይዝም ትላለች። እንዲያው ለሾፌሩ ሂድ ብዬ በእጄ አሳየሁት።»

«ሌላ ወንበር አልነበረም?» አልኳቸው።

«ሞልቷል፣ እህቴ። እኔ ያየሁት ያቺን ብቻ ነው።»

ማንም የሚያጽናና ነገር አልተናገረም። ይህን ቡድን የምወድለት አንዱ ነገር ይኸው ነው። ፖስተኛው ግን ብድግ ብለው ኮታቸውን አነሱ። «ተነሡ እንጂ! ፌርማታው ከግቢው ጀርባ ነው። እሱ ከፊት ብቻውን ይቀመጣል፤ እኛ ከኋላ ነን። ማንም እንዳያናግረው።»

ነርሷ ሳቅ አለችና ክፍሏን ቆለፈች።

አውቶቡሱን የምትነዳው ወጣት ሴት ነበረች። ሾፌሩ ቲኬታቸውን ራሳቸው ቆረጡ። ያቺ ወንበር ባዶ ነበረች። አጠገቧ ቆሙ፤ የወንበሩን ብረት ያዙ፤ አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ ተቀመጡ። እኛ ከኋላ ተደርድረን ጀርባቸውን ብቻ እናያለን።

ወፍጮ ቤቱ ጋ ልጅቷ መታጠፊያውን በፍጥነት ያዘችው። ሁላችንም ወደ አንድ ጎን ተከመርን።

«ቀስ በይ፣ ልጄ! እንቁላል ተጭኗል!» አሉ ሾፌሩ፣ አውቶቡሱ ሁሉ እስኪሰማ።

ልጅቷ በመስታወት አየቻቸው። «የታለ እንቁላሉ፣ አባባ?»

«ከኋላ ነው። የቆየ የቆየው ነው፤ እንዳይሰበርብኝ።»

ልጅቷ በመስታወቱ ወደኛ አየችና በሳቅ ፈነዳች። ፖስተኛው «ቆይ ብቻ፣ ሐሙስ አይደርስም!» እያሉ ዛቱ። ከዚያ በኋላ ግን ልጅቷ በቀስታ ነዳች።

«ወራጅ አለ!» አሉ ሾፌሩ ሰፈራቸው ሲደርሱ። ወረዱ። ወደኛ አልዞሩም። በመስኮት ስናይ እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ ገብቶ ቁልፍ ይፈልግ ነበር።

ወዲያው የነርሷ ስልክ ጮኸ። የሾፌሩ ልጅ ናት፤ ጤና ጣቢያው ደርሳ ክፍሉ ተቆልፎ አግኝታዋለች። ድምጿ እኔ ድረስ ይሰማል።

«አባዬ የታለ?»

«ቤታቸው ናቸው» አለች ነርሷ።

«ማን ወሰደው?»

«ማንም። በአውቶቡስ ሄዱ። ብቻቸውን ወርደው ገቡ።»

«እንግዲያው ሄጄ አንኳኳለሁ» አለች ልጃቸው።